ሳላያቸው የጣልኳቸው ጋላክሲዎች

ይህን ለባሌም፣ ለመጋቢያችንም፣ አብሬያት ላለቀስኩት ለሰላምም ነግሬ አላውቅም። እኛ ጴንጤዎች ቄስ ፊት ቀርቦ መናዘዝ የለንም። ያለን መድረክ ላይ ወጥቶ መመስከር ነው፤ እሱ ደግሞ እልልታና ጭብጨባ አለው። እኔ የምፈልገው ጭብጨባ የሌለበት ቦታ ስለሆነ እናንተ አንባቢዎቼ እጅ ላይ ወደቅኩ። ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ደስ እያለኝ ነው የምናዘዘው። አሸንፈናል! ደስታዬም ኃጢአት ከሆነ እዚያው ላይ ደምሩልኝ።

ሰላምና እኔ እዚህ ናይሮቢ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የአንድ አስተማሪ ተማሪዎች ነበርን። ሥራችን ጋላክሲዎችን እንደ ድምቀታቸው መቁጠር ነበር፤ ደማቆቹ ምን ያህል ናቸው፣ ደብዛዞቹስ? ቴሌስኮፕ የሰበሰበውን የእያንዳንዱን ጋላክሲ ብርሃን ኮምፒውተር ላይ ዘርግተን ወደ ቀይ ምን ያህል እንደተሳበ እናነባለን። ከዚያ ርቀቱን እናውቃለን፤ ርቀቱ ሲታወቅ እውነተኛ ድምቀቱም ይታወቃል። ጣጣው ያለው ደብዛዞቹ ላይ ነው። ከመድረክ ሆናችሁ የቸርች አዳራሽ ብታዩ ረጃጅሞቹ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይታያሉ፤ ከልጆቹ ግን የሚታዩት የፊት ረድፍ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። ስለዚህ የታየው አንድ ልጅ ከኋላ ላልታዩትም ጭምር መቆጠር አለበት። ደብዛዛ ጋላክሲም እንደዚያው ነው፤ አንዱን መጣል ብዙዎችን መጣል ነው። ይህን አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ። አውቄ ነው ያደረግሁት።

እያንዳንዱን ጋላክሲ ሁለታችንም ለየብቻ አይተን «እርግጠኛ ነኝ» ወይም «አይታወቅም» እንላለን። ካልተስማማን ያ ጋላክሲ ከቆጠራው ይወጣል። የደማቆቹ ቀላል ነው። የደብዛዞቹ ግን የዶሮ ጭረት ነው የሚመስለው፤ እዚያ ውስጥ ርቀቱን የሚነግሩንን፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ትንንሽ ጎድጓዶችን ፈልጎ ማግኘት ዓይን ያፈሳል። ሰላም አፍንጫዋን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ትቀመጥ ነበር። እኔ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለው ቸርቻችን የኳየር ልምምድ አለብኝ፤ ዋና ድምፅ ነኝ፣ የምሳፈርበት ሚኒባስ፣ ማታቱው፣ ትራፊክ ውስጥ ከገባ አለቀልኝ። አንድ ሐሙስ ደብዛዞቹን በሙሉ፣ አንዱንም ሳልከፍት፣ «አይታወቅም» ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ሮጥኩ። ለጌታ ሥራ ነው የምሮጠው አልኩ። ጌታን ለስንፍናዬ ዋስ ጠራሁት! ያን ቀን ደግሞ እንዴት እንደዘመርኩ አትጠይቁኝ።

ሰላም ደብዛዞቹ ከሚባለው እጅግ ይበዛሉ ባይ ነበረች። የመመረቂያ ሥራዋ የቆመው እዚያ ላይ ነው፤ ስኮላርሺፑም፣ ናይሮቢ የሚያስቀምጣት የተማሪ ፈቃድም። ቆጠራው በግራፍ ሲወጣ ግን ሽቅብ ይወጣል ያለችው መስመር ደብዛዞቹ ጋ ሲደርስ ለጥ ብሎ ተኛ። አስተማሪያችን በሰው ፊት «ዓይንሽ የተመኘሽውን ነው ያየው» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ደብዛዞቹን በሙሉ አይቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አንድ በአንድ» አልኩ።

አንድ በአንድ! ማን አስገደደኝ? «ድገሚው ካልክ እደግመዋለሁ» ማለት ምን ያስከፍለኝ ነበር? ሰላም ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የራሷን ዓይን ትታ እኔን አመነች። ትምህርቱን አቋርጣ፣ በስንት ደጅ ጥናት ሌላ ፈቃድ አግኝታ፣ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ ጋ፣ አንድ የካርጎ ቢሮ ተቀጥራ ገባች። እኔ ተመረቅሁ። መድረክ ላይ ወጥቼ ጌታ እንደረዳኝ መሰከርኩ፤ እልል ተባለልኝ።

ዓመታት አለፉ፤ አስተማሪያችን ጡረታ ወጣና ወንበሩ ለእኔ ደረሰ። አዲስ የሰማይ ቅኝት ሲመጣ ደብዛዞቹን ማንም አልፈልግም ስላለ ራሴ ተቀመጥኩባቸው። ዓይኔ ጎድጓዶቹን መለየት ሲለምድ ግን እረፍት ነሳኝ። እነዚያ የድሮዎቹስ? አንድ ቀን የመጀመሪያውን ከፈትኩት። ሁለቱ ጎድጓዶች እዚያው ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ቀጣዩም እንደዚያው። ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ከካሳራኒ እየመጣሁ፣ ከክፍል በፊት፣ ሁሉንም አየኋቸው፤ አሁን የእውነት አንድ በአንድ። ከዚያ መስመሩን እንደገና ሠራሁት። ወጣ! ተኝቶ የነበረው መስመር ሽቅብ ወጣ! በሩን ዘግቼ ዘለልኩ፣ ዘመርኩ። ሰላም ልክ ነበረች።

ሁለተኛ ዓይን ስለሚያስፈልግ ደወልኩላት። «የድሮው ምርመራ ስህተት ነበረበት» አልኳት። የማን ስህተት እንደሆነ አላልኩም። ቅዳሜ ከሥራ በኋላ መጥታ አፍንጫዋን እንደ ድሮው ስክሪኑ ላይ ለጠፈች፤ ብዙም ሳትቆይ ስዋሂሊ ቀላቅላ ጮኸች።

«ንጎጃ፣ ንጎጃ! ቆይ፣ ይሄን እኮ ያኔ ሹር ብዬው ነበር! አላበድኩም ነበራ?»

«አላበድሽም የኔ እህት» አልኳት። ተቃቅፈን አለቀስን። እሷ በደስታ ነው። እኔም በደስታ ነበር፤ እዚህስ አልዋሽም።

ግኝቱን የጻፍንበት ጽሑፍ የሷ ስም ቀድሞ ታተመ። ትምህርቷን ቀጥላ ጨረሰች። ያኔ ባፈረችበት ክፍል ቆማ ያንን መስመር ስታሳይ፣ ሽማግሌው አስተማሪያችን ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔ እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሚቀጥለው እሁድ ሰላም ለምስክርነት ወጣች። «ሁሉም ሲረሳኝ ያልረሳችኝ ይህች እህቴ ናት» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። «እግዚአብሔር በሷ እጅ ስሜን መለሰልኝ!» አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔስ ምን አልኩ? «አሜን» አልኩ። በዚያው «አንድ በአንድ» ባልኩበት አፌ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። በማታቱው አላመካኝም፣ በኳየሩም። ደግሞ ኋላ ክሰሻታል አትበሉኝ፤ የካርጎ ቢሮ ዓመቶቿን ማን ይመልስላታል? ድሉ የሷ ነው፤ እኔ ሳዘገየው ነው የኖርኩት። የፊታችን እሁድ የምስክርነቱን ሰዓት ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ ማንም እልል እንዳይል እለምናለሁ። ከሁሉ በፊት ግን መስማት ያለባት እሷ ናት፤ ይህን ገጽ ዛሬ ራሴ ይዤላት እሄዳለሁ።

ሰላም፣ አንድ በአንድ ብዬ ነበር። አንዱንም አላየሁም።