የግፊት ክኒኑን ለጎረቤት ያደለው አጎቴ

ኧረ ተዉ። ሐሙስ ቀጠሮ አለው እኮ።

ዛሬ በጠዋት፣ ለመስክ ሥራ ቢታ ገነት በሄድኩበት፣ ተደውሎ "ጋሽ አስራት አረፈ" ሲሉኝ ከአፌ የወጣው ይሄ ነው። የሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ሰው እንዴት ይሞታል? አሁን ቦንጋ ቤታችን ደርሻለሁ። ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ይመጣል፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ይሄን እጽፋለሁ። እስካሁን አላመንኩም።

ለማታውቁት፣ ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በደካና በዋጫ ገጠር እየዞረ ከብት ሲከትብ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ሰነፈ፣ አፉም ትንሽ ተጣመመ። ቀልዱን ግን አልነካውም። "ቀኝ እጄ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርቷል" ይላል ለመጣው ጠያቂ ሁሉ። "ማስጠንቀቂያ ልጽፍበት ብል፣ የሚጽፈው እሱ ሆነብኝ።"

ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ "ክኒኑን አንድ ቀን እንዳያቋርጥ፣ ሁለተኛው ስትሮክ እንደ መጀመሪያው አይምርም" አለኝ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ጨው አጠፋሁ፣ ቅቤ አጠፋሁ። ጋሼ የመጀመሪያውን ጨው አልባ ሽሮ ቀመሰና ትንሽ አስቦ፣ "ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?" አለኝ።

ችግሩ ጎረቤት ነው። የሰፈራችን ሰው በባዶ እጁ በሽተኛ አይጠይቅም። ቆጮው በቅቤ ርሶ ይመጣል፣ ክትፎው ይከተላል። እኔ በር ላይ ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ በነጋታው ለቢሮ ሰው አበላዋለሁ። (ዘንድሮ የወፈራችሁ ባልደረቦቼ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው።) ጋሼን የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። "ሳህኑ ባዶውን እንዳይመለስ" ይላል። ይቺ የዕድሜ ልክ ቃሉ ናት። ጤነኛ ሳለ ማር ያደርግበት ነበር፣ ማሩን ደግሞ እሱ ራሱ በማንኪያ ስለሚጨርሰው ቆልፌበታለሁ።

አንድ ቀን የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ መንገድ ላይ አገኙኝና "ልጄ፣ የአስራት መድኃኒት ተስማምቶኛል። ማዞሩን ቀለል አደረገልኝ" አሉኝ።

"የምን መድኃኒት?"

"ያ በሳህን የሚልክልኝ ነዋ። በወረቀት ጠቅልሎ፣ ግማሽ ግማሹን።"

ወገኖቼ፣ ቤት ገብቼ ስቆጥር የወሩ ክኒን ግማሹ የለም። ጋሼ ምንም አላፈረም። "ታዲያ ሳህን ባዶውን ልመልስ? ማሩን ቆለፍሽው።"

"ለእትዬ ብርቄ ለምን ግማሽ ሰጠሃቸው?"

"ብርቄ ቀጭን ናት። መድኃኒት በክብደት ነው የሚሰጠው። ያ ጎረቤታችን መኮንን ሙሉ ወሰደ፣ እሱ ወይፈን ነው የሚያህለው።"

ሠላሳ ዓመት በሬ ሲያክም የኖረ ሰው ነው፣ ምን ትሉታላችሁ?

"አንተስ ምን ዋጥክ?" አልኩት።

"እኔማ ድኛለሁ።"

እዚህ ላይ አልሳቅሁም። ጮህኩበት። "ብትሞትብኝስ? ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?" ብዬ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሼ እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። በግራ እጁ አንድ ክኒን አንስቶ ዋጠ። ከዚያ አፉን ከፍቶ "ነይ፣ ምላሴን እንደ በሬ ገልበጥ አድርገሽ እዪ" አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይውጥና አፉን ከፍቶ ያሳየኛል።

በነጋታው እትዬ ብርቄንና ጋሽ መኮንንን ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ጋሼም ከዘራውን ይዞ "ታካሚዎቼ ናቸው" እያለ ተከተለን። ነርሷ ሁላችንንም ደርድራ ተቆጣችን፣ የሰው ክኒን ሰው ይገድላል አለች። ጋሽ መኮንን ምንም የለባቸውም። ለካ ሰሞኑን ብድግ ሲሉ የሚያንገዳግዳቸው የጋሼ ክኒን ኖሯል። የእትዬ ብርቄን ግፊት ግን አንዴ ለካች፣ ደገመች፣ ሦስተኛ ለካችና "እማማ፣ በእግርዎ ነው የመጡት?" አለች። የዚያኑ ዕለት የራሳቸው ካርድና የራሳቸው ክኒን ወጣላቸው።

ጋሼን ሰው አልቻለውም። "ምርመራው የኔ ነው፣ የሳትኩት መጠኑን ብቻ ነው" እያለ ወሩን ሙሉ ተኩራራብን።

ከዚያ ወዲህ ጋሼና እትዬ ብርቄ በየጠዋቱ በአጥር ይጠራሩ ነበር። "ብርቄ፣ ዋጥሽ?" "ዋጥኩ፣ አንተስ?" ይህን ሰምቼ ቢሮ ስሄድ ልቤ ያርፍ ነበር።

ዛሬ ከመኪና ስወርድ የተቀበሉኝ እትዬ ብርቄ ናቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከለቅሶው በፊት "ክኒኑን ወስዶ ነበር?" ነው ያልኳቸው።

"ወስዷል ልጄ። ትናንት እፊቴ ነው የዋጠው፣ አፉንም ከፍቶ አሳይቶኛል። ተኝቶ ነው የሄደ፣ ልቡ ደክሞ።"

ያኔ እንባዬ መጣ። ጥፋቱ የኔ እንዳይሆን መንገዱን ሙሉ እየፈራሁ ነበር የመጣሁት።

ቀና ስል እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው አብጦ ቆመዋል። "እርስዎስ ዋጡ?" አልኳቸው።

"ዛሬማ ማን ጠየቀኝ?" አሉ።

ጋሼ፣ ውሃ አምጥቼላቸው ውጠዋል። ሦስት ዓመት ስቆጣህ ኖርኩ፣ ስላሳደግከኝ ግን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላመሰገንኩህም፣ ይሄ ይቆጨኛል። አመሰግንሃለሁ። ነገ ጠዋት በአጥሩ በኩል እትዬ ብርቄን የምጠራቸው እኔ ነኝ፣ አታስብ። ደህና ሁን፣ አባቴ።