በሁዳዴ ሆዴ የገባው በግ

ዶክተር ይሁኔ ይባላል፤ በዚህ ዕድሜዬ ጾሜን ያስገደፈኝ እሱ ነው። አንጀቴ ተጠማዝዞብኝ ከቢቸና ተሸክመው ሆስፒታል ቢያደርሱኝ ቀዶ አድኖኛል፤ አልክድም። ከመቅደዱ በፊት "ስለ ቁስል መስፊያ ክር እያጠናሁ ነው፣ ጥናቱ ውስጥ ይግቡ?" ሲለኝም እሺ ብያለሁ። በጉን ግን መቼ ነገረኝ?

ከቀዶው በኋላ ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣና፣ "የእማማን አንጀት የሰፋሁት ከበግ አንጀት በተሠራ ክር ነው፤ እዚያው ሟሙቶ ይጠፋል" አይላቸው መሰላችሁ!

"በሁዳዴ?" አልኩት።

"እማማ፣ አልበሉትም እኮ!"

"ሆዴ ከገባ፣ በአፌ ገባ በጎኔ ገባ ምን ለውጥ አለው?"

አጠገቤ የተኛችው የሞጣዋ ነጋዴ ዘይነባ፣ እሷን እንኳ በሰው ሠራሽ ክር ነው የሰፋት፣ ቁስሏን ደግፋ እየሳቀች፣ "ኧረ እትዬ፣ ማን እንዳረደውም ይጠይቁት!" አለችኝ።

ጠየቅሁት።

"ከውጭ አገር የሚመጣ ክር ነው፤ እኔ በምን አውቃለሁ?" ብሎኝ ሄደ። ማን ባርኮ እንዳረደው ያልታወቀ በግ እኔ ሆድ ውስጥ እየሟሟ፣ እሱ በምን አውቃለሁ ይላል!

በማግስቱ ጠዋት ልጄን እንዝርትና ጥጥ አስገዝቼ፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ፈተልኩ። ዶክተሩ ሲመጣ ክሩን አንገቱ ላይ ከማዳመጫው ጋር አንጠለጠልኩለትና፣ "እንካ፣ ይኸን አጥና፤ ይኸ ጾመኛ ነው" አልኩት።