ስማቸው የጥያቄ ምልክት የሆነ ሕመምተኞች

ታላቅ እህቴን የሥራ ባልደረቦቿ «ጉምሩክ» ይሏታል። ሳትፈትሽ የምታሳልፈው ነገር የለማ። ቤትም እንደዚያው ናት። በሩን ቆልፋ ደረጃውን ከወረደች በኋላ ተመልሳ እጀታውን ነቅነቅ ካላደረገች እግሯ አይሄድላትም። ወተት ስታፈላ መጀመሪያ ራሷ ታሸተዋለች፣ ቀጥላ እኔን ታስሸትተኛለች፣ ከዚያ ፊቴን ታያለች፤ አፍንጫዬንም አታምነውም። እናታችን «ይቺ ልጅ ስትወለድ አዋላጇን መታወቂያ ጠይቃለች» እያለች ትስቅባታለች። የእህቴ መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የምትሠራው በአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። የላቦራቶሪ ውጤትን ወደ ሕሙማን ክፍሎች የሚያደርሰውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። ፕሮግራሙ የታካሚውን ስም፣ ዕድሜና የደም ዓይነት አንድ ላይ ይይዝና ኤክስኤምኤል ወደሚባል የጽሑፍ ፋይል ይለውጠዋል። በየክፍሉ ያለው ኮምፒውተር ያንን አንብቦ ያትማል። ለዓመታት ያለ እንከን ሠርቷል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከቀዶ ጥገና ክፍል ነርሷ ደወለች። በወረቀቶቹ ላይ በስም ፈንታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ሴቶች አሉ፤ በዕድሜ እኩያ ናቸው፣ ደማቸው ግን ይለያያል፤ የትኛው ወረቀት የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

«እኔ የጥያቄ ምልክት ለሚባል ሰው ደም አልሰጥም» አለችና ዘጋችው። ቀዶ ጥገናው ተላለፈ።

እህቴ ወዲያው ያሰበችው ረጅሙን ነው። በቁመቱ ረጅሙ የሚሉት የሰርቨሮቹ፣ ማለትም ፕሮግራሞቹ የሚሠሩባቸው ዋና ኮምፒውተሮች፣ ተቆጣጣሪ ነው። ከእህቴ ጋር አብረው ተቀጥረው፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳ ሲበሉ የኖሩ ናቸው፤ የልጁን የመጀመሪያ ጫማ የገዛችው እሷ ናት። ግን ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ቅዳሜ አሮጌውን ሰርቨር አንስቶ አዲስ የተከለው እሱ ነው። እሷ ደግሞ ፕሮግራሙን ከነካች ከርማለች። ታዲያ ማን ነካው?

ሄዳ ጠየቀችው። ምንም እንዳልነካ፣ እንዳለ ገልብጦ እንዳስቀመጠው እየሳቀ ነገራት። ይበልጥ ያስጠረጠራት ያ ሳቁ ነው። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው» አለችኝ እራት ላይ። ከዚያ ወዲያ ድሮ ያላየችውን ሁሉ ማየት ጀመረች፤ እሷ ስትገባ ስልኩን መዝጋቱን፣ ምሳውን ሳይጨርስ መነሳቱን፣ የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ ከአንገቱ አለማውለቁን። ቁልፉ ድሮም አንገቱ ላይ እንደነበር ባስታውሳት እኔንም በጥርጣሬ አየችኝ።

በማግስቱ በእናታችን ስም አንድ የሙከራ ታካሚ ፈጠረች። ከራሷ ኮምፒውተር ስትልከው ስሙ ጥርት ብሎ ወጣ። ከአዲሱ ሰርቨር ስትልከው የጥያቄ ምልክት ሆነ። ለእሷ ይህ እጅ ከፍንጅ መያዝ ነበር። አለቃቸው ዘንድ ገብታ፣ ረጅሙ ፕሮግራሟን ነካክቶ እንደካደ ተናገረች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሏት።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ ረጅሙ ተጠርቶ ነገሩ እስኪጣራ ቤቱ እንዲቆይ፣ ከተረጋገጠበትም እንደሚሰናበት ተነገረው። ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ቀና ብሎ አላያትም።

ማስረጃውን ማሰባሰብ የእሷ ሥራ ሆነ። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ፕሮግራም እሷ ጋ ካለው ጋር አስተያየችው፤ አንድ ነጥብ እንኳ አልተለወጠም። ደስ አላላትም። ሰርቨሩ የጻፈውን ፋይል ከፈተች። የመጀመሪያው መስመር ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 እንደተጻፈ ይናገራል፤ የዓለምን ፊደል ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ በቁጥር በሚያስቀምጠው ስምምነት ማለት ነው። ከሥሩ በየፊደሉ ቦታ ያለው ግን የጥያቄ ምልክት ቁጥር ብቻ ነው፤ ጆንያው ላይ ስንዴ ተጽፎ ውስጡ ገብስ። ሰርቨሩን ራሱን ጠየቀችው፤ ማንም ካላዘዘህ በምን ትጽፋለህ? የላቲን ፊደል ብቻ በሚያውቅ አሮጌ ሰንጠረዥ እንደሚጽፍ መለሰላት። አሮጌው ሰርቨርና የእሷ ኮምፒውተር ሳይታዘዙም ዩቲኤፍ-8 ይጽፉ ነበር። ይኼኛው ግን የማያውቀው ፊደል በመጣ ቁጥር የጥያቄ ምልክት አኑሮ ያልፋል።

ያን ጊዜ ነው የራሷን ትእዛዝ ያነበበችው። «ፋይሉን ጻፍ» ይላል። በቅንፉ ውስጥ የፋይሉ ስም አለ፤ በምን ይጻፍ የሚለው የለም። ማሽኑ እንዳሻው ማለት ነው። በወተት የማትተማመነው እህቴ ማሽኑን አምናው ኖራለች።

ያልነበረውን፣ «በዩቲኤፍ-8» የሚለውን፣ አስገባች። የጠፋ ስም ከጥያቄ ምልክት ውስጥ ተመልሶ ስለማይወጣ ውጤቶቹን ሁሉ ከመዝገብ ቋቱ እንደገና አውጥታ ላከች። ነርሷ ሁለቱንም ሴቶች በስማቸው ጠርታ ወረቀታቸውን አረጋገጠች። ከዚያ እህቴ አለቃቸው ዘንድ ተመልሳ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ተናገረች።

«ታዲያ ያን ጊዜ እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ?» አሏት።

ረጅሙ ተመልሶ ቁልፉን ተረከበ። ይቅርታ ስትጠይቀው ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ይሁን እንቢ አልታወቀም። ምሳ ሰዓት ጠረጴዛቸው ላይ ብቻዋን ጠበቀችው፤ አልመጣም። አመሻሽ ላይ ግን ወንበር እየጎተተ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ።

«አስተካክያለሁ ያልሽውን አሳዪኝ።»

«ተስተካክሏል እኮ። ነርሷን ጠይቃት።»

«ነርሷን አይደለም የጠየቅኩት፤ አንቺን ነው።»

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። መስመሩን በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበና የቀረውንም ፕሮግራም ከላይ ጀምራ መስመር በመስመር እንድታሳየው ጠየቃት፤ አሁን ጉምሩኩ እሱ ነው።