ከነጫማቸው የተኙት እትዬ ዋጋነሽ

እትዬ ዋጋነሽ የጡት ካንሰር ሕክምና ከጀመሩ ወዲህ የኮልፌ ጎረቤቶቻቸው ከአልጋ እንዳይወርዱ ፈርደውባቸዋል። ልብሳቸውን ሰዓድ ታጥባለች፤ ወጡን ወይዘሮ ተሻለች ይልካሉ። በሰፈሩ ወግ የታመመ ሰው ተኝቶ ይጠየቃል።

ሐኪሟ ግን በየቀኑ አቅም በፈቀደ መጠን እንዲራመዱ መከረቻቸው። መራመዱ መድኃኒቱን እንደማይተካ፣ ድካሙን ግን እንደሚያቀል፣ ሰውነትም በሽታውን እንዲዋጋ ሳያግዝ እንደማይቀር አስረዳቻቸው። እውነትም ሲራመዱ ምግብ ይበላላቸው፣ እንቅልፍም ይወስዳቸው ጀመር። መተው አልፈለጉም። መታየትም አልፈለጉም፤ ሰው ልብሷን እያጠበላት አስፋልት ላይ የምትንሸራሸር ሴት ምን ትባላለች? ስለዚህ ከልጃቸው ከናዝራዊት ጋር ታክሲ ተሳፍረው ማንም ወደማያውቃቸው ወደ ቤቴል እየሄዱ፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ይራመዱ ነበር።

አንድ እሑድ ከዚያ ተመልሰው ገና ከመግባታቸው የግቢው በር ተንኳኳ። እትዬ ዋጋነሽ ከነጫማቸው አልጋ ላይ ወጥተው ጋቢ ተከናነቡ። ወይዘሮ ተሻለችና ሰዓድ ብርቱካን ይዘው ገቡ። ሰዓድ የግንባራቸውን ላብ አይታ ትኩሳቱ እንደጸናባቸው ተናገረች። ወይዘሮ ተሻለች እንባቸውን ጠረጉና እግራቸውን ሊያሹላቸው እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሰደዱ።

እጃቸው እዚያው ቀረ።

«ዋጌ፣ ጫማሽን አድርገሽ ነው እንዴ የተኛሽው?»

እትዬ ዋጋነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሐኪሟ ያዘዘቻቸውን፣ ቤቴል ድረስ መሄዳቸውን፣ ሁሉንም ለግድግዳው ተናገሩ። «አፍሬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሳልታመም ታምሜያለሁ ብዬ የማደክማችሁ እንዳይመስላችሁ ብዬ። ከእንግዲህ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ።»

«እኔ እኮ» አለች ሰዓድ ቀስ ብላ፣ «የተኛ ሰው ካልሲ ከየት አቧራ እንደሚያመጣ ሲገርመኝ ነበር፣ እትዬ።»

ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ተሻለች እጃቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። ከዚያ፣ «ልብሱን ሰዓድ ታጥባለች» አሉ። «አንቺ ነገ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። እዚሁ፣ በሰፈራችን።»

በማግስቱ ጠዋት ወጡ። በየደጃፉ ሰው «እንኳን ለዚህ አበቃሽ፣ ዳንሽ አይደል?» ይላል። እትዬ ዋጋነሽ በየተራው ገና አለመዳናቸውን፣ ሐኪሟ አዝዛቸው መሆኑን እየተናገሩ፣ በኀፍረት እስከ ጆሯቸው ድረስ እየቀሉ አለፉ። ወይዘሮ ተሻለች ክንዳቸውን ይዘው፣ እያለከለኩ፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ጤነኛዋን ገደልሽኝ» ይሏቸዋል። እትዬ ዋጋነሽ እርምጃቸውን ቀነስ አደረጉላቸው፤ እስከ ፌርማታው ድረስ ግን ቀና አላሉም።