መጨረሻው የተቀደደው መጽሐፍ

ባለፈው እሑድ ልጄ ለትምህርት ቤት የምትለጥፈው ሥዕል ነበራት። ኮላው አልቋል፤ በሰፈራችን ሱቆችም ጠፋ። ዱቄት በውሃ በጥብጬ እሳት ላይ ጣድኩላት። ወፈር ብሎ መንተክተክ ሲጀምር ያ የተቀቀለ ዱቄት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ማንኪያውን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። "እማ፣ እያረረ ነው" አለችኝ ልጄ። እውነቷን ነው፣ አርሮ ነበር። እኔ ግን በሐሳብ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ፣ በዚያ ላይ ተናድጄ ነበር።

አዎ፣ ተናድጄ። ሰው የልጅነቱን ሲያወራ ሁሉም ነገር ማር ይሆንለታል። የእኔ የቤተ መጻሕፍት ትዝታ ግን በንዴት ይጀምራል፤ ብዙውም ንዴት ነው።

ትምህርት ቤታችን መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ የሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ብዙም ሳይርቅ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ከመረብ ኳስ ሜዳው ፊት ለፊት ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የመደርደሪያውን አቧራ ታሳያለች። ሠራተኛው ግራጫ ጋውን የሚለብሱ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ጎልማሳ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ የተገነጠሉ መጻሕፍት በዱቄት ሙጫ ይለጥፋሉ። አይጥ እንዳይበላው ደግሞ እሬት ይቀላቅሉበታል። ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጽ የሚገልጥ ተማሪ ምሬቱ ፊቱ ላይ ያስታውቅበታል፤ እሳቸውም ቀና ብለው "ጣትህን አትብላ" ይሉታል።

ይህም ባልከፋ። የሚያናድደው መጽሐፍ ስትመልስ ነው። መጽሐፉን ዘግተው እጃቸውን ይጭኑበትና "እሺ ጓለይ፣ እንታይ ኾነ?" ይላሉ። በትግርኛ "እሺ ልጄ፣ ምን ሆነ?" ማለታቸው ነው። ሰልፉ ከኋላህ እየሰማ ታሪኩን መተረክ አለብህ። አባቴ ከወሎ መጥቶ መቀሌ አግብቶ የቀረ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ቤታችን አማርኛ ይነገር ነበር፤ ይህን ካወቁ ጀምሮ ወፋፍራሞቹን የአማርኛ መጻሕፍት ለእኔ አደረጓቸው። "አንቺማ ቋንቋው ከቤትሽ አለ" ይሉኛል። ጥፋት የሠራሁ ይመስል።

በዚያ ዓመት ከክፍል ኃላፊ መምህራችን ጋር ተማክረው አንድ መዘዝ አመጡብን። ሦስት መጽሐፍ አንብቦ ካርዱ ላይ ሦስት ፊርማ ያላገኘ ተማሪ በክፍሎች የመረብ ኳስ ውድድር አይሰለፍም። እኔ ከኳስ በቀር ዓይኔን የሚሞላው ነገር ያልነበረኝ ልጅ ነኝ። የክፍላችን ሰርቭ በእኔ እጅ ነበር። ሁለቱን ፊርማ በቀጫጭን መጻሕፍት አገኘሁ። ለሦስተኛው ሽፋኑ ጠፍቶ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተሸፈነ ወፍራም መጽሐፍ ሰጡኝ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እናቱንና እህቱን ትቶ ይጠፋል፤ እነሱም ይፈልጉታል። ሃያ ገጽ ያህል አነበብኩና ሰለቸኝ። ጨዋታው ዓርብ ነው፤ ረቡዕ ወስጄ መለስኩት።

"እንታይ ኾነ?"

"እናትየው ውቅሮ መንገድ ላይ አገኘችው" አልኩ ሳላፍር። "ይዛው ተመለሰች፤ ሰርግ ተደገሰለት።"

"ሰርጉ ላይ ምን ተበላ?"

"ጥሕሎ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መጽሐፉን ከጀርባው ገልጠው ወደ እኔ አዞሩት። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም፤ ታሪኩ ዐረፍተ ነገር መሃል ላይ ተቀድዷል። "መጨረሻ የለውም" አሉ። "እናትየውም መሃል ላይ ሞታለች።"

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ጆሮዬ ጋለ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ የባሰ ነገር አመጡ፤ "ውሸትሽ አልከፋም። መጨረሻውን ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርምልሻለሁ። ግን ከመጀመሪያው ጋር ይስማማ።"

እንዲስማማ ማንበብ ሊኖርብኝ ነው። ጓደኞቼ ሲለማመዱ እኔ የሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኩ፤ ኳስ በተመታ ቁጥር ጥርሴን እየነከስኩ። መጽሐፉ ጥሩ መሆኑ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ። እናትየው ስሙን እየጠራች ሞተች፤ ያስታመመቻት እህቱ ብቻዋን ናት። በስተመጨረሻ ሹፌሩ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። እህቱ ከውስጥ ድምፁን ሰምታ ትነሳለች፣ እጇን ወደ መቀርቀሪያው ትሰዳለች፤ እዚያ ላይ ተቀድዷል።

ዓርብ ጠዋት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ደብተሬን ከጠረጴዛው ሥር ይዤ ጻፍኩት። እህቱ በሩን አልከፈተችም። ከበሩ ኋላ መሬት ላይ ተቀመጠች። እናታቸው እንዴት እንደሞተች፣ ምን እንዳለች፣ ማን እንደቀበራት በበሩ ስንጥቅ አንድ በአንድ ነገረችው። ሁሉንም ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው ተነስታ የከፈተችለት።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ። እሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። ውጭ ፊሽካ ተነፋ።

"መምህር፣ ጨዋታው ተጀመረ።"

"ሰማሁ" አሉና ንባባቸውን ቀጠሉ። አንድ ቃል ላይ ቆሙ። "በትግርኛ ከጉሮሮሽ 'ዓይኒ' እያልሽ፣ በአማርኛ 'ዐይን'ን በአልፋው አ ትጽፊዋለሽ? ያለሽን ፊደል አትጣይ።" አረሙ። ሌላም አረሙ። የሜዳው ጩኸት በመስኮት ይገባል። እንባዬ ሊመጣ ነበር።

"ለምን ወዲያው አልከፈተችለትም?" አሉኝ።

"ከከፈተችማ ታቅፈዋለች" አልኩ እየተነጫነጭኩ። "ካቀፈችው በኋላ መናደድ አትችልም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ካርዴን ሳብ አድርገው ፈረሙልኝ።

ስደርስ ሁለተኛው ዙር እያለቀ ነበር። ተሸነፍን። ጓደኞቼ እስከ ሰኞ አላናገሩኝም። ሁለተኛ እዚያ ክፍል እግሬ አይረግጥም ብዬ ማልኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ያሸነፈን ክፍል የቡድን አለቃ ቧንቧው ጋ አገኘችኝ። ረጅም፣ ኳስ ስትመታ መሬቱን የምታናውጥ ልጅ ናት። "በሩ ጋ ያለውን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?" አለች። ሰውዬው ገጾቼን በሙጫቸው መጽሐፉ ላይ ለጥፈዋቸው ኖሯል። "እኔ ብሆን አልከፍትለትም ነበር" አለችኝ በቁጣ። "ለምን ከፈተችለት?" ደወል እስኪደወል ተጨቃጨቅን። በማግሥቱም ቀጠልን። ስለ ጻፍኩት ነገር ሰው ሲቆጣ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ ደስ አለኝ። ዓርብ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አብረን ሄድን። እሳቸው መጨረሻቸው የጎደለ መጻሕፍትን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ ሌሎች ልጆችም ከበዋቸው ነበር። ስምንተኛ ክፍል እስክጨርስ ከዚያ ጠረጴዛ አልጠፋሁም። እሳቸውም ማናደዳቸውን አልተዉም።

አሁን እዚሁ መቀሌ፣ ሓወልቲ አካባቢ ቢሮ እሠራለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ተፈናቃዮች ተጠልለውበት ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ ስሄድ መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው። ብርድ ላይ የነበረ ሰው በወረቀት እሳት ቢያቀጣጥል ምን ይባላል?

ሰውዬው ቀደም ብለው ጡረታ ወጥተው ነበር። አምና አንድ መድኃኒት ቤት በር ላይ ምርኩዝ ይዘው አገኘኋቸው። ማንነቴን ብነግራቸው አላወቁኝም። ስለ ሹፌሩና ስለ እህቱ ሳወራቸው ግን ፊታቸው በራ።

"እኔ እኮ ያን መጽሐፍ በወጣትነቴ ሙሉውን አንብቤዋለሁ" አሉኝ።

"ታዲያ መጨረሻውን ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ትጽፊ ነበር?"

ያ የድሮ ንዴቴ ሽቅብ መጣብኝ። "እሺ፣ አሁን ይንገሩኝ። ደራሲው እንዴት ነው የጨረሰው?"

ረጅም ጊዜ አሰቡ። "ረሳሁት ጓለይ" አሉ በመጨረሻ። "ያንቺው ብቻ ነው የሚመጣልኝ።"

ክንዳቸውን ይዤ መንገዱን አሻገርኳቸውና ቀስ እያልን እስከ ቤታቸው ሄድን።

ክረምቱ ሳይወጣ ማረፋቸውን ሰማሁ። ለቅሶ ስሄድ ልጃቸው ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

"ተማሪያቸው ነኝ" አልኳት።

"ኣቦይ እኮ አስተምሮ አያውቅም" አለች ግራ ተጋብታ።

ከዚያ ትንሽ አየችኝና ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ።