ፊቱ ደረቱ ላይ የበቀለው ሰው

ሉሊት ዘገዬ አንዴ ከጀመረች የምትመለስ ሴት አይደለችም። አዳማ ውስጥ የብረት በር ያሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ «ይሄ ጌጥ ይቅርብኝ» ያላት ደንበኛ ሌላ ጌጥ ተጨምሮለት ነው የሚሄደው።

ለአደባባዩ ሐውልት እንድትሠራ ስትመረጥ የጥንት የዓለም ካርታ በብረት እሠራለሁ አለች። ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ፈረንጆች የሳሉት ዓይነት ነው፤ ምድር ክብ፣ ምሥራቅ ከላይ፣ ኢየሩሳሌም መሃል። ረግጠውት የማያውቁትን ዳር ዳሩን ግን ጭራቅ ሞሉበት፤ በእኛ አገር በኩል አንገት የሌለው፣ ፊቱ ደረቱ ላይ የበቀለ ሰው አቆሙ። ሉሊት እሱንም አልተወችውም። ጥርሱን አስገጥጣ ሠራችው።

እናቷ ወይዘሮ አሰለፈች ሊያዩ መጥተው ቀለማቸው ተለወጠ።

«ቁረጪው» አሏት።

«እማዬ፣ ካርታው ላይ አለ እኮ።»

«ይኑራ። አባትሽ ምን ሲባል እንደኖረ ረሳሽው?»

አልረሳችም። ዘገዬ ገጠር ሳለ ቀጥቃጭ ነበር። ጎረቤት በእሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእሱ ማጭድ ያጭዳል፤ ከእሱ ቤት ግን እህል አይቀምስም። ሕፃን የታመመ እንደሆነ «ቡዳው በላው» ይባላል። እሱ ሞቶ አዳማ ከገቡ ወዲህ ወይዘሮ አሰለፈች ለጠየቃቸው ሁሉ «ባሌ ነጋዴ ነበር» ይላሉ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አሁን አገር በሚያልፍበት አደባባይ «የቡዳ ልጅ ጭራቅ አቆመች» ሊባል ነው። እውነታቸውን ነው የፈሩት።

ሉሊት አዘነች፤ መቁረጡን ግን እምቢ አለች። የኋላ ኋላ ያ ያገጠጠ ፊት ራሷን አናደዳት። የማያውቁትን ሰው ጭራቅ አድርጎ መሥራት ምን ይከብዳል? እሷም ያንኑ ደገመችው እንጂ ምን ጨመረች? ፊቱን ብቻ ገንጥላ ጣለችው። መስታወት ፊት ቆማ፣ ብረቱን በከሰል እያጋለች፣ በአባቷ መዶሻ ሌላ ፊት ቀጠቀጠች።

ሐውልቱ የተገለጠ ዕለት ለሥራው የመረጣት ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ መሳይ ዳሩን ሲያዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ልጄ፣ ይህቺ ነገር ለሕዝብ አትመችም። ትቆረጥ» አሉ።

ሉሊት መልስ ልትሰጥ ስትል እናቷ ቀደሟት። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ብረቱ ተጠጉ፤ ደረቱ ላይ ያለውን ፊት ቀና ብለው አዩት። ዓይኑ የልጃቸው፣ አገጩ የልጃቸው ነው። መዳፋቸውን ጉንጩ ላይ አሳረፉ።

«የቀጥቃጩ የዘገዬ ልጅ ፊት ነው» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ማነው የሚቆርጠው?»