የሰው ከብት በሴጋሜትሲ በረት

በመንደሩ ሸንጎ ሴጋሜትሲ የምትቀመጥበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ከትልቁ ግራር ሥር፣ ከሴቶቹ መደዳ ፊተኛው። እዚያ የሚቀመጡት ከብት ያላቸው ናቸው። በረቷ መንገድ ዳር ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ላሞቿን እያየ በአክብሮት ሰላም ይላታል። የእርሻ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ጎረቤት በሬ ሊዋስ ይመጣል። ማዋሱን ታውሳለች፤ ግን ትንሽ ሳታስለምን አይደለም። መለመን ደስ ይላታል፣ ምን ይደረግ!

ከብቶቹ ግን የእሷ አይደሉም። የራ ዲቲሮ ናቸው። እኚህ ሽማግሌ ከብታቸውን በየሰው በረት በትነው ነው የሚኖሩት፤ አንድ በሽታ መጥቶ ሁሉንም እንዳይጨርስባቸው፣ የሌለውም ጎረቤት ወተቱን እንዲጠጣ፣ በበሬውም እንዲያርስ። ማፊሳ ይሉታል፤ በዚያ አገር ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ከብቱን ደህና አድርጎ ለያዘም አንዳንዴ ጥጃ ይመረቅለታል። ማን የማንን ከብት እንደያዘ ግን አይወራም፤ ነውር ነው። ሴጋሜትሲ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ያሳደገችው በእነዚህ ላሞች ወተት ነው። ስም አውጥታላቸዋለች፤ ሲታመሙ አብራ ትታመማለች። የእሷ አለመሆናቸውን ራሷም የምትረሳበት ጊዜ አለ።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀረ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ፣ ላሞቹም ነጠፉ። ጋቦሮኔ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ልጇ ሁለት ሕፃናት ትታባታለች፤ የምትልከው ገንዘብ ከሳሙና አያልፍም። ሴጋሜትሲ ገንፎውን ማቅጠን ጀመረች። መጀመሪያ የራሷን፣ ቆይታም የልጆቹን። የልጆቹን ያቀጠነች ቀን ከቤቱ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች።

በዚህ መሀል መንግሥት ለችግረኛ በየወሩ ዱቄት፣ ዘይትና ባቄላ ሊሰጥ ነው ተባለ። የሚገባውን ሰው የምታጣራ ታቶ የምትባል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መጣች። ከተማ ያደገች፣ ጫማዋ አሸዋ የሞላ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት።

«እናቴ፣ እነዚህ ላሞች የእርስዎ ናቸው?»

ሴጋሜትሲ «አይደሉም» ብትል ያልቅ ነበር። ነገር ግን ጎረቤቷ ኬኔይልዌ ከአጥሩ ማዶ አንገቷን አስግጋ ታዳምጣለች።

«በእኔ በረት ውስጥ የማን ሊሆኑ ኖሯል ልጄ?» ብላ ሳቀች።

ታቶ አቀረቀረች። «ይቅርታ እናቴ፣ ይሄን ያህል ከብት ላለው ሰው አይሰጥም።»

ከዚያ ልጅቷ ወደ ራ ዲቲሮ ቤት ወረደች። ሽማግሌው ገንዘባቸውን ለከብት እንጂ ለልብስ የሚያወጡ ሰው አይደሉም። ካፖርታቸው ክርኑ ላይ ተቀዷል፤ በረታቸው ውስጥ አንድ ውሻ ተጋድሟል። «አባቴ፣ ከብት አለዎት?» አለቻቸው። የዚያ አገር ጨዋ ደግሞ አለኝ ብሎ በአፉ ከብቱን አይቆጥርም። «ምን ከብት አለኝ ብለሽ ልጄ፣ ያው እንደምታዪው ነው» አሉ እንደ ወጉ። ታቶ ስማቸውን ከመዝገቧ አናት ላይ ጻፈች።

የዱቄቱ ቀን መንደሩ ሸንጎ ወጣ። ሴጋሜትሲ ልትቀር አስባ ነበር፤ መቅረቱ ደግሞ ያስጠረጥራል ብላ መጣችና ፊተኛው ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ታቶ የመጀመሪያውን ስም ጠራች፤

«ራ ዲቲሮ!»

ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ።

«ራ ዲቲሮ ከደኸዩማ እኛ ሞተናል በሉኛ!»

«ከብቶቻቸውን ጅብ ጨረሳቸው እንዴ?»

የመንደሩ አለቃ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። «ዲቲሮ፣ ይህች ልጅ ችግረኛ ነህ ትላለች። ነህ ወይ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። ወደ ሴጋሜትሲ አዩ። «ከብቶቼማ እዚያች ሴትዮ በረት ናቸው» ቢሉ ይድናሉ፤ እሷ ትዋረዳለች። ዝም ብለው ሄደው ሁለት እጃቸውን ዘረጉና ዱቄቱን ተቀበሉ። ሳቁ ባሰ።

ለእኔ ብለው ነው፣ አለች በልቧ። እኚህን የመሰሉ ሰው ለእኔ ኩራት ብለው መሳቂያ ሆኑ። ወገቧን ይዛ ተነሣች።

«አትሳቁ!» አለች። «እኔ ጋ ያሉት ላሞች በሙሉ የራ ዲቲሮ ናቸው። እኔ አንዲት ጥጃ እንኳ የለኝም። ልጅቷ ስትጠይቀኝ ኮራሁባት። የልጆቹን ገንፎ እያቀጠንኩ ኮራሁ!»

የሚስቅ ጠፋ። ራ ዲቲሮ መጥተው ዱቄቱን እግሯ ሥር አስቀመጡት።

«አንዲት ጥጃ የለኝም ትላለች እንዴ? ቀይዋ ላምስ የማን ናት?»

«የእርስዎ ናታ።»

«እናቷ ናት የእኔ። ቀይዋ ስትወለድ እግሯ ታጥፎ፣ እጁን ከትቶ ያወጣት ማነው?»

«እኔ።»

«በቃ፣ የዚያኑ ቀን ያንቺ ብያታለሁ።»

«ለማን ነው ያሉት?»

«ለራሴ ነዋ! እስክትጠይቂኝ እጠብቅ ነበር።»

«እኔ ደግሞ እስኪሰጡኝ!»

አለቃውን አሁንስ ሳሉ አልበቃቸውም፤ እስኪያነቡ ሳቁ። «ሁለት ግትሮች! ላሟ እስክታረጅ ልትጠባበቁ ኖሯል? ቀይዋ የሴጋሜትሲ ናት፤ ሸንጎው ሰምቷል።»

ሴጋሜትሲ ወደ ታቶ ዞረች። «ልጄ፣ አሁን ላም አገኘሁ። ዱቄቱ ሊቀርብኝ ነው?»

«አንዲት ላም አትከለክልም እናቴ» አለች ታቶ አፏን በእጇ ይዛ። «የራ ዲቲሮን ስም ግን ልሰርዘው ነው።»

«ሰርዢው» አሉ ሽማግሌው። «ለአንድ ጠዋት ከበቂ በላይ ደኽያለሁ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ኬኔይልዌ ዘይቱን ያዘችላት።

«ባለ ላሟ፣ እንኳን ደስ አለሽ።»

«አትቀልጂብኝ። ስታታልለን ኖረች በሉ አሁን።»

«ምን ታታልይናለሽ? ከጥንትም እናውቃለን። ሰው በሬ ሲለምንሽ ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ አይተሽው አታውቂም እንጂ! ማን ደፍሮ ይናገር?»

ሴጋሜትሲ እፍረትም ደስታም አንድ ላይ መጡባትና እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

አመሻሽ ላይ ገንፎውን ማማሰያው እስኪከብዳት አወፈረችው። ልጆቹ ሲበሉ ተወቻቸውና በረት ገባች። ቀይዋ ከሌሎቹ ጋር ቆማ ታመሰኳለች። በየቀኑ የምታያት ላም ናት፤ ዛሬ ግን ጆሮዋን ገልጣ፣ ሰኮናዋን አንሥታ፣ ዓይኗን ገልብጣ አየች። ላሟ አነጠሰች። ሴጋሜትሲ ክው አለች።

«ምነው፣ አመመሽ?»

ወጣች። የበረቱን መዝጊያ ቀርቅራ ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመልሳ ነካ ነካ አደረገችው።

«እስከ ዛሬ ብትሞቺ የራ ዲቲሮ ላም ሞተች ነበር የሚባለው» አለቻት በአጥሩ ላይ። «አሁን የእኔ ነሽ። እባክሽ አታስደንግጪኝ።»